ሉዊስ አርምስትሮንግ፦ በልጆች ማረሚያ ተቋም የተጀመረ የሙዚቃ ትምህርት

ወላጆች በወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት ስለሚሰጡ አገልግሎቶች ሲጠይቁ፣ ስለ ስፖርት ሜዳውና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያነሱት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ሰዓቱን ጠይቀው፣ የምዝገባውን ሁኔታ አረጋግጠው ይሄዳሉ። የሙዚቃ መሣሪያ ሥልጠና ሲነሳ ግን ጥያቄው ይረዝማል። መሣሪያው ልጁን ከቀለም ትምህርቱ ያዘናጋው እንደሆነ፣ ከማይሆን ባልንጀራ ጋር ያገናኘው እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸው አዝማሪ ሆኖ እንዳይቀር ያላቸውን ስጋት ይገልጻሉ። ስጋቱ ከወላጅ አንጀት የሚወጣ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። መልሱን በመመሪያ ቋንቋ ከመስጠት ይልቅ፣ በ11 ዓመቱ በፖሊስ ተይዞ ወደ ማረሚያ ተቋም የገባና በዚያ የትንፋሽ መሣሪያ የተማረ የአንድ ልጅ ሕይወት ማቅረብ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ልጅ በኋላ በመላው ዓለም የታወቀው የጃዝ ሙዚቀኛ ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ኦገስት 4 ቀን 1901 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። እሱ ራሱ ዕድሜ ልኩን የተወለደው ጁላይ 4 ቀን 1900 እንደሆነ ያምን ነበር፤ ትክክለኛው ቀን የታወቀው ከሞተ በኋላ የክርስትና መዝገቡ ሲገኝ ነው። የልደት ምዝገባ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ምን ያህል የራቀ ነገር እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ቤተሰቡን ጥለው ሄዱ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳደጉት አያቱ ጆሴፊን ሲሆኑ፣ ቆይቶ ወደ እናቱ ወደ ሜሪ አልበርትና ወደ ታናሽ እህቱ ቢያትሪስ ተመለሰ። የሚኖሩበት ሠፈር ጠብና ጥይት ከመብዛቱ የተነሣ የጦር ሜዳ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ነበር። እናቱ የሰው ቤት እየሠሩ፣ የሰው ልብስ እያጠቡ ይተዳደሩ ነበር፤ ያም ቢሆን አይበቃም።

ስለዚህ ልጁ ገና በሰባት ዓመቱ አካባቢ ሥራ ገባ። ከሊቱዌንያ የመጡ ካርኖፍስኪ የተባሉ አይሁዳውያን ስደተኞች ቆሻሻ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅና ጠርሙስ በጋሪ እየዞሩ ይገዙ፣ ማታ ማታ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ይሸጡ ነበር። የሉዊስ ሥራ በጋሪው ላይ ተቀምጦ በቆርቆሮ ጥሩምባ ደንበኛ መጥራት ነበር። በአዲስ አበባ ሠፈሮች ልዋጭ ወይም ቆራሊው ሲጣራ የሰማ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሉዊስ በእርጅናው ዘመን በጻፈው ማስታወሻ ላይ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በመያዣ ዕቃ መሸጫ ሱቅ መስኮት ውስጥ ዋጋው 5 ዶላር የሆነ አሮጌ ኮርኔት አየ፤ ካርኖፍስኪዎችም ከደመወዙ ላይ ብድር ሰጥተውት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ የራሱ አደረገው። የቤተሰቡን ውለታ እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም።

በዲሴምበር 31 ቀን 1912 ምሽት፣ የኒው ኦርሊንስ ሰው አዲሱን ዓመት በርችትና በተኩስ ሲቀበል፣ ሉዊስም ከቤት የወሰደውን ሽጉጥ በአደባባይ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ፖሊስ ያዘው። በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ ለጥቁር ልጆች ብቻ ወደተቋቋመው የማረሚያ ተቋም እንዲገባ ተወሰነበት። እስከ መቼ እንደሚቆይ የተቆረጠ ጊዜ አልነበረውም። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እህል አልቀመሰም፤ እናቱን ብቻ ይናፍቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ሲነገር ማረሚያ ተቋሙ ያዳነው ይመስል የሚያቀርቡ ብዙዎች ናቸው። አንድን የ11 ዓመት ልጅ ሰው ባልጎዳበት ጥፋት፣ ጊዜው ባልታወቀ ቅጣት ከእናቱ መለየት ማዳን አይባልም፤ ሕጉም ነጩንና ጥቁሩን ልጅ ለይቶ የሚያይ ሕግ ነበር። ልጁን የጠቀመው ግቢው ውስጥ የነበረው የሙዚቃ ቡድንና አንድ መምህር ነው። ቡድኑና መምህሩ ደግሞ ከእናቱ ቤት ሁለት ሦስት መንገድ ርቀት ላይ ቢገኙ ኖሮ ያው ጥቅም በተገኘ ነበር። ይህን ልዩነት የሕፃናትና የወጣቶች አገልግሎት የሚመለከተን ሁሉ ልብ ልንለው ይገባል።

ተቋሙን የሚመሩት ካፒቴን ጆሴፍ ጆንስ የተባሉ የቀድሞ ወታደር ከባለቤታቸው ጋር ሲሆኑ፣ የሙዚቃ መምህሩ ፒተር ዴቪስ ነበሩ። ዴቪስ አዲሱን ልጅ አልወደዱትም። ከዚያ ክፉ ሠፈር የመጣ ልጅ ሁሉ ለእሳቸው ባለጌ ነበርና፣ ለሳምንታት ወደ ሙዚቃው ክፍል አላስጠጉትም። ሉዊስ ልምምድ በሚደረግበት ክፍል ጥግ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ መምህሩ ሐሳባቸውን ለውጠው በመጀመሪያ ታምቡሪን ሰጡት። ምቱን ሳይስት ሲይዝ ባዩት ጊዜ ወደ ከበሮ አዛወሩት፤ ቀጥሎም አልቶ ሆርን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ከዚያም ቢዩግል የተባለውን ቁልፍ የሌለው የወታደር ጥሩምባ አስያዙት። በቢዩግሉ ልጆቹን ለመኝታ፣ ለምግብና ለሥራ የሚጠራ እሱ ሆነ። መሣሪያውን ሲረከብ ዝጎ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ወለወለው። በመጨረሻም ዴቪስ ኮርኔት ሰጡት።

ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ታምቡሪንና ከበሮ ልጁ ምትን ጠብቆ ከሌሎች ጋር እንዲሄድ አስተማሩት፤ አልቶ ሆርን ደግሞ ዋናውን ዜማ ለሌላው ትቶ ከሥር ማጀብን አስለመደው። 

ስለ መሣሪያው ራሱ ጥቂት ማለት ይጠቅማል። ኮርኔት የትራምፔት የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ሦስት ቁልፎች ብቻ ያሉት የነሐስ መሣሪያ ነው። ሦስቱን ቁልፎች በመጫንና በመልቀቅ ጣት ሊይዝ የሚችለው አቀማመጥ ስምንት ብቻ ነው፤ ከመሣሪያው የሚወጡት ድምፆች ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው የከንፈር ውጥረት፣ የትንፋሽ ጉልበትና የጆሮ ፍርድ ነው። ጣቱ ትክክል ሆኖ ጆሮው ከተሳሳተ ሌላ ድምፅ ይወጣል፤ ይህንንም ከመምህሩ አስቀድሞ የሚሰማው ልጁ ራሱ ነው። ስለዚህ የትንፋሽ መሣሪያ የሚማር ልጅ ስሕተቱን በየደቂቃው እየሰማ፣ ሳይቆጣና ሳይሸሽ መልሶ መሞከርን ይለምዳል። የከንፈር ጡንቻ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይጠነክርም። ሳምንቱን ሙሉ ትቶት ቅዳሜ አራት ሰዓት ቢነፋ ከንፈሩ ያብጣል እንጂ አይማርም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ግድ ይለዋል። ወላጆች ለቀለም ትምህርት የሚመኙት የጥናት ልማድ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሉዊስ በጥቂት ወራት ውስጥ የቡድኑ መሪ ሆነ። ቡድኑ ዩኒፎርም ለብሶ በከተማዋ ጎዳናዎች እየዞረ የሚጫወት ማርሽ ባንድ ነበር። አንድ ቀን ሰልፉ በሉዊስ ሠፈር በኩል አለፈ። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ የሠፈሩ ሰው፣ ቁማርተኛው ሳይቀር፣ የሚያውቁትን ልጅ በቡድኑ ፊት ሲያዩ ከየቤታቸው ወጥተው ለልጆቹ ገንዘብ ሰጡ፤ የተሰበሰበውም ለቡድኑ አዲስ ልብስና መሣሪያ የሚበቃ ሆነ። ከዓመት በፊት ሠፈሩ ያየው ፖሊስ ሲወስደው ነበር።

በዚያው ቡድን ውስጥ ሄንሪ ሬናን የመሰለ፣ በኋላ በከተማዋ የታወቀ ሌላ ጥሩምባ ነፊም ወጥቷል። የአብዛኞቹ ልጆች ስም ግን በታሪክ አልተመዘገበም። ይህ ትምህርቱን ከንቱ አያደርገውም፤ መምህሩ ዝነኛ ሰው ለማውጣት አላሰለጠኑምና።

በጁን 1914 ሉዊስ ከተቋሙ ወጣ። የመውጣቱ ደስታ አጭር ነበር። ቤቱ ችግር እንዳለ ጠብቆታል፤ መሣሪያም አልነበረውም፣ ኮርኔቱ የተቋሙ ንብረት ነበረና። ቀን ቀን የድንጋይ ከሰል በበቅሎ ጋሪ ያከፋፍላል፣ ማታ ማታ በመሸታ ቤቶች መሣሪያ ሲያገኝ ይነፋል። በዚህ ላይ አንዲት ዘመዱ በ1915 ወንድ ልጅ ወልዳ ስትሞት፣ ክላረንስ የተባለውን ሕፃን የማሳደግ ኃላፊነት ገና 14 ዓመት በሆነው ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ክላረንስን በኋላ የራሱ ልጅ አድርጎ አሳድጎታል።

ከዚህ ኑሮ ውስጥ ያወጣው በድጋሚ ሰው ነው። በከተማዋ የተከበረው ኮርኔት ነፊ ጆ ኦሊቨር ልጁን አቀረበው። ሉዊስ ለኦሊቨር ባለቤት ይላላካል፤ ኦሊቨርም በምላሹ ያስተምረዋል። አንድ አሮጌ ኮርኔቱንም ሰጠው። ኦሊቨር በ1918 ገደማ ወደ ቺካጎ ሲሄድ፣ በኪድ ኦሪ ቡድን ውስጥ የነበረውን ቦታ የተካው ሉዊስ ነው።

ያም ሆኖ ሉዊስ ገና ኖታ በወጉ አያነብም ነበር። በጆሮው የሰማውን ሁሉ ይጫወታል፤ ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ግን ይቸገራል። ይህን የለወጠው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት የመዝናኛ መርከቦች ላይ ያገኘው ሥራ ነው። የመርከቡ ቡድን መሪ ፌት ማራብል ጥብቅ ሰው ሲሆን፣ የማያነብ ሙዚቀኛ ከእሱ ጋር አይዘልቅም ነበር። ዴቪድ ጆንስ የተባለ የቡድኑ አባል በእረፍት ሰዓቱ ሉዊስን ኖታ ማንበብ አስተማረው። ከ1919 እስከ 1921 ድረስ የነበሩት እነዚያ የወንዝ ላይ ጊዜያት ለሉዊስ እንደ ኮሌጅ ይቆጠራሉ። የቀለም ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ ሰው፣ ማንበብን በሌላ በር ገብቶ ተማረ። ወደ ቺካጎ ከሄደ በኋላ የጽሕፈት መኪና ገዝቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለወዳጅ ለዘመድ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ፣ በ1936 እና በ1954 ሁለት የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ያሳተመ ሰው ሆኗል። ኖታው ብቻ ጸሐፊ አደረገው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መሣሪያ ከትምህርት ያዘናጋል ለሚለው ስጋት ይህ ሰው ተቃራኒ ምስክር ነው።

የቀረው ዝናው ነው፤ እሱም በሌሎች ጽሑፎች በሰፊው የተነገረ ስለሆነ እዚህ ማርዘም አያስፈልግም። ኦገስት 1922 ኦሊቨር ወደ ቺካጎ ጠራውና ሁለተኛ ኮርኔት ሆኖ ከጎኑ ቆመ፤ በአፕሪል 1923 የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ቀዱ። የቡድኑ ፒያኒስት ሊል ሃርዲን በ1924 አገባችው፤ ከመምህሩ ጥላ ወጥቶ በራሱ እንዲቆም የገፋፋችውም እሷ ናት። ከኖቬምበር 1925 ጀምሮ ሆት ፋይቭ በተባለው ቡድኑ የተቀዱት ሥራዎች የጃዝን አካሄድ እንደለወጡ የሙዚቃ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ከዚያ በፊት ጃዝ በዋናነት የቡድን ጨዋታ ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ የአንድ ሙዚቀኛ ነጻ ፈጠራ በመሐል የሚደመጥበት ሆነ። በ1964 ዕድሜው ከ60 ዓመት ባለፈ ጊዜ የዘፈነው ሄሎ ዶሊ ቢትልሶችን ከአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ አናት አውርዷል።

ስለ ጤና ግን አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ሉዊስ መሣሪያውን በከንፈሩ ላይ አጥብቆ እየተጫነ ከፍተኛ ድምፆችን ያለ ልክ ይነፋ ስለነበር፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከንፈሩ ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት መጫወት አቁሞ ነበር። የጥሩምባ ነፊዎች የከንፈር ጡንቻ መቀደድ ዛሬም በሕክምናው ዓለም በእሱ ቅጽል ስም ሳችሞ ሲንድረም ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ልጁን ለትንፋሽ መሣሪያ ሥልጠና የሚያስመዘግብ ወላጅ መምህሩ የአፍ አያያዝንና የዕረፍትን ነገር ከመጀመሪያው ያስተምር እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። መሣሪያው በማዕከሉ ብቻ የሚሠራበት ወይስ ልጁ ወደ ቤት ሊዋሰው የሚችል መሆኑንም መጠየቅ አይከፋም፤ የሉዊስ መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቋረጥ የተቃረበው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በእጁ መሣሪያ ባለመኖሩ ነበርና።

ወላጅ አልባና ችግረኛ ልጆችን በማርሽ ባንድ የማሰልጠን ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሉዊስ ወደ ኒው ዮርክ ባቀናበት በ1924 ዓመት፣ የወቅቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም በኦቶማን ግዛት ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ አገኙ። 40 ሆነው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሕዝቡም አርባ ልጆች ብሎ ጠራቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1974 ድረስ ያገለገለውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሲሆን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንን አስተምረዋል። በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት መካከል እነዚህ ቤት የሌላቸው ልጆች ይገኙበታል።

ወደ ሉዊስ እንመለስ። በ1931 ዝነኛ ሆኖ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሲመለስ ያን ማረሚያ ተቋም ጎብኝቷል፤ በከተማዋም ላሉ ወጣቶች የቤዝቦል ቡድን ልብስ ገዝቷል። በ1956 ወደ ጋና ተጉዞ በአክራ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀብሎታል። በ1957 በአሜሪካ ሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ ሳቂታ ነው፣ በፖለቲካ አይገባም ይባል የነበረው ሙዚቀኛ ፕሬዚዳንቱን በይፋ ወቅሶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊያደርገው የነበረውን የመንግሥት ጉዞ ሰረዘ። ጉዳዩ የልጆች ትምህርት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከ1943 ጀምሮ የኖረው በኒው ዮርክ ኩዊንስ፣ ኮሮና በተባለ ተራ የሠራተኞች ሠፈር ውስጥ ነው። የትልቅ ሰው ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ ሳያጣ ከጎረቤቶቹ ጋር መኖርን መረጠ። ከጉዞ ሲመለስ የሠፈሩ ልጆች ደጃፉ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጥሩምባ ከያዙ ልጆች ጋር የተነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። በ1969 ለሙዚቃ ትምህርት የሚውል የራሱን ፋውንዴሽን አቋቋመ። ጁላይ 6 ቀን 1971 በዚያው ቤት በእንቅልፉ ላይ እንዳለ አረፈ። ቤቱ ከ2003 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ነው።

ከማረፉ ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1965 ወደ ትውልድ ከተማው በሄደ ጊዜ፣ ከተቀበሉት ሰዎች መካከል አረጋዊው ፒተር ዴቪስ ነበሩበት። በተቋሙ ሳለ ይነፋው እንደነበር የሚነገርለት ኮርኔትም ዛሬ በኒው ኦርሊንስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። በአፍ መያዣው ጠርዝ ላይ፣ ሲነፋ ከከንፈሩ እንዳይንሸራተትበት ልጁ በሞረድ ያወጣቸው ጥርሶች ይታያሉ።